አይጥ የማይደፍረው ሣጥን

ጉበት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ድምፅ የለውም። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና ይረጋል። የአይጥ ጠባቂው ድንቢጥ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ዶክተሯ ትጽፋለች። ሃያ ወር ከፈጀው ጥናት የቀረው ይኸው ነበር፤ መክፈት፣ ማየት፣ መመዘን፣ መጻፍ። የዚያን ማክሰኞ ተራው የንጹሖቹ ነበር።

ንጹሖቹ የሚባሉት ሃያ ነጭ አይጦች ናቸው። ሲጀመር አይጦቹ ስልሳ ነበሩ፣ በሦስት ተከፍለው። አንደኞቹ ንጹሕ በቆሎ ሲበሉ ኖሩ። ሁለተኞቹ ከእህል ሻጋታ የሚወጣው መርዝ፣ ባለሙያዎቹ አፍላቶክሲን የሚሉት፣ መኖአቸው ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየተደባለቀ ተሰጣቸው። ሦስተኞቹ ብዙ በሉ። ወረቀቱ ላይ ስማቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ ነው። ድንቢጥ ግን ንጹሖቹ፣ ቀማሾቹ፣ ጥጋበኞቹ ይላቸዋል፤ ዶክተሯም ሳይታወቃት እንደሱ ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ሊታወቅ የተፈለገውም ነገር ለማንም ሊገባ የሚችል ነው። ከዕለት እንጀራችን ጋር ጥቂት ጥቂት መርዝ ቢገባ፣ ሰውነት እስከ መቼ ይችለዋል?

የቀማሾቹና የጥጋበኞቹ መልስ ባለፈው ሳምንት ታይቷል። የጥጋበኞቹ ጉበት ገርጥቶና ጓጉሎ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ መስሎ ነበር። ኩላሊታቸውም ደህና አልነበረም። የቀማሾቹ ከዚያ ትንሽ ይሻላል። ንጹሖቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡ ናቸው፤ ጉበታቸው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ እንደ ቢላ የተሳለ ሆኖ መገኘት ነበረበት።

የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ድንቢጥ ቁጥሩን አየና አላነበበውም። አነሳና እንደገና መዘነው። አብጧል። ጠርዙ ደንዝዟል፣ መልኩ ገርጥቷል፣ አንድ ጎኑ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች አሉበት። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ከፈቱ፤ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ቀማሾቹን መስለው ተገኙ።

ዶክተሯ የእያንዳንዱን የጆሮ ምልክት ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። የተቀያየረ የለም። ከዚያ ጓንቷን እንዳጠለቀች ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ጋሽ ድንቢጥ፣» አለች፣ «ንጹሖቹ ንጹሕ አይደሉም።»

እሱ ሚዛኑን መጥረግ ጀመረ። ሚዛኑ ላይ ምንም ቆሻሻ አልነበረም።

ድንቢጥ የሚለውን ስም ያወጣለት ታላቅ ወንድሙ አናጢው ነው። አናጢው በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚጠላው ነገር ቢኖር አይጥ ነበር። ታናሹ የአይጥ ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ ለት ወሬውን ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰ። «እኔ አይጥ ሳባርር እውላለሁ፣ እሱ አይጥ ሲያበላ ይውላል። የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብትሉ ማን ያምናችኋል?» ታናሹ ደግሞ ነገር አይችልም። አይጥ እኮ ንጹሕ ነው፣ ፊቱን በቀን ስንቴ እንደሚታጠብ ብታዩ፣ ደግሞ ሰው ይለምዳል፣ እያለ ይሟገታል። ታላቁ «ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ብሎ ተረተበት። ታናሽየው ሰውነቱ አነስ ያለ፣ አንገቱን ቶሎ ቶሎ የሚያዞር ሰው ስለሆነ ስሙ ልክክ አለበት። ወንድሙ የአይጦቹን ክፍል በር ሊጠግን መሥሪያ ቤቱ የመጣ ጊዜ ደግሞ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በዚያው ስም እየተጣራ አስመረቀው። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው።

ያን ቀን ድንቢጥ አጠገቡ ቆሞ ሲሠራ አይቶታል። ወንድሙ እያንዳንዱን ብሎን ከማስገባቱ በፊት ደረቅ ሳሙና ላይ ያሻሸው ነበር። ለምን ቢለው፣ ሲገባ እንዲቀለው ነው አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ካቻቪቴውን እያዞረ፣ «ሲወጣም ነው። ነገ የሚፈታው ሰው እንዳይረግመኝ» ብሎ ጨመረ።

የአናጢው ዋና ኩራት ግን በር አልነበረም፤ ጓዳው ውስጥ የሠራው የእህል ሣጥን ነው። ቁመቱ ደረት ይደርሳል፣ ስፋቱ አልጋ ያህላል። ሳንቃዎቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ ተጎራርሰው የተያያዙ ናቸው። ክዳኑ ዙሪያውን ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ለብሷል፣ ሲዘጉት እንደ ደከመው ሰው እፍ ይላል። ሠርቶ የጨረሰ ለት፣ ያኔ አምስት ዓመት የሆናትን አንድ ልጁን ውስጡ አስገባና ክዳኑን ለአፍታ ገጥሞ ብርሃን ይታይሻል ወይ ሲል ጠየቃት። ምንም፣ አለች ከውስጥ። ከዚያ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሣጥኑን ሳያይ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። አይጥ ቀርቶ አየር እንኳ የሚገባው በኔ ፈቃድ ነው ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ አየር አይገባበትም። የገባ እርጥበትም አይወጣበትም። ይህን ግን ያሰበው ሰው አልነበረም። በየዓመቱ በዝናቡ ወራት ሲጨብጡት መዳፍ ላይ ቀዝቀዝ የሚል በቆሎ እየተገዛ ይገለበጥበትና ክዳኑ እፍ ብሎ ይዘጋል።

የአናጢውን ሚስት ድንቢጥ እትዬ ይላታል። እትዬ በቆሎውን ከማስፈጨቷ በፊት ትሪ ላይ ዘርግታ ትለቅማለች፤ ደህናውን ወደ ቀኝ፣ የጠቆረውንና አረንጓዴ የነካካውን ወደ ግራ። የግራውን ልትደፋው ስትነሳ ባሏ ይቀድማታል። እህል ነው፣ እህል አይደፋም። በምጣድ ቆልቶ የሽርጡ ኪስ ውስጥ ይሞላዋል። ቀኑን ሙሉ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ መላጊያውን እየገፋ ያንን ሲቆረጥም ይውላል። ሥራ ቤቱ የሄደ ሰው ከመላጊያው ድምፅ ጋር የጥርሱንም ይሰማ ነበር።

ጥናቱ በተጀመረ በአሥረኛው ወር ንጹሕ በቆሎ የሚያመጣው መኪና ቀረ። መንገድ ተበላሸ ተባለ፣ ነገ ተባለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተባለ። የቀማሾቹና የጥጋበኞቹ መኖ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣና በብዛት የተከማቸ ስለነበረ አላሳሰበም። የንጹሖቹን ግን ድንቢጥ ራሱ ነበር በቆሎ አስፈጭቶ፣ ባቄላና ዘይት ደባልቆ፣ ጠፍጥፎና አድርቆ የሚያዘጋጀው። ዶክተሯ ለሥልጠና ሩቅ አገር ሄዳለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደንብ፣ መኖ ቢጎድል ሥራው ቆሞ ለኃላፊ ይነገር እንጂ ከሌላ ቦታ ምንም እንዳይገባ ይላል። ድንቢጥ ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ለኃላፊ ተነግሮ፣ ስብሰባ ተጠርቶ፣ መልስ እስኪመጣ አይጥ አይጠብቅም። በየሰኞው በመዳፉ ይዞ እየመዘነ ያሳደጋቸውን ሃያ ፍጥረቶች በረሃብ ሲያልቁ ሊያይ ነው። ንጹሕ በቆሎ ደግሞ ከፈለገ፣ ከወንድሙ ሣጥን የበለጠ ንጹሕ የት ይገኛል?

ወንድሙ ነገሩን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። ከረጢቱን ራሱ ያዘና ራሱ ሞላው። «እንግዲህ ጠላቶቼ በመጨረሻ ረቱኝ፣ በገዛ እጄ ላበላቸው ነው። በል ውሰድላቸው። አንድ ቀን ውለታዬን ይመልሱ ይሆናል» አለ።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር አለፈ፣ በየወሩ አንድ ከረጢት። በመኖ ደብተሩ ላይ ምንጭ የሚል ዓምድ አለ። ድንቢጥ በየቀኑ እዚያ ላይ «መጋዘን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በፊትም ሲጽፍ የኖረው ያንኑ ስለነበር እጁ ለመደው፤ እጅ የለመደውን ደግሞ ልብ አይጠይቅም።

አናጢው የታመመው ከነዚህ ወራት በአራተኛው ነው። መጀመሪያ ምግብ አስጠላው። ቀጥሎ ትከሻው እየከሳ ሆዱ እየተነፋ መጣ፤ ቀበቶው አንድ ሳምንት ወደ ውስጥ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ውጭ ቀዳዳ ይቀየራል። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ፣ ዘግይቷል አሉ።

ሰው ስለ ልቡ ያወራል፤ ልቤ ከዳኝ፣ ልቤ ቆረጠ ይላል። ስለ አንጀቱ ያወራል፤ አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ራሰ ይላል። ቆሽቴ አረረ ይላል፣ ሆድ ይፍጀው ይላል። ጉበቴ እንዲህ ሆነ ሲል ግን አይሰማም። ጉበት አያማርርም። ጭነት ሲጨመርበት ዝም ይላል፣ ሌላ ሲጨመርበትም ዝም ይላል፣ እንዲያው ዝም እንዳለ አንድ ቀን ጭነቱን ጥሎት ይተኛል። አናጢው አልጋ ላይ ሆኖ የገረመው ይኸው ነበር። «እንጨት እንኳ ሊሰነጠቅ ሲል ቋ ይላል፣» አለ ለወንድሙ። «ይሄ እንዴት ምንም ሳይለኝ?» በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሞተ። ከሞተ ገና አራት ወሩ ነው። ዶክተሯ የተመለሰችውና መኪናውም የመጣው ከቀብሩ ጥቂት ሳምንት በኋላ ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ዶክተሯ ለበቆሎው አቅራቢ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። በሷ ሐሳብ አቅራቢው የሻገተ በቆሎ ልኮባት መሆን አለበት። ንጹሖቹ ንጹሕ ካልሆኑ የቀማሾቹንና የጥጋበኞቹን ከምን ጋር ታነጻጽረዋለች? የሁለት ዓመት ሥራ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ድንቢጥ ሰማትና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የአይጦቹ ክፍል ገባና የሰኞውን የክብደት ደብተር ከመደርደሪያው አወረደ።

አሥረኛው ወር፣ አሥራ አንደኛው፣ አሥራ ሁለተኛው። ንጹሖቹ እኩል ይጨምራሉ። በአሥራ ሦስተኛው ወር ሦስቱ ቀነሱ። በሚቀጥለው ሰኞ አምስት፣ በሚቀጥለው ስምንት። ከጎኑ በገዛ እጁ ጽሑፍ «እርጅና» የሚል አለ። ሦስቱ ከቀነሱበት ቀን ጀምሮ ቆጠረ። ወንድሙ ቀበቶዬ ሰፋኝ ካለበት ቀን ሦስት ሳምንት ይቀድማል።

ደብተሩን ዘጋው። በየሰኞው እየመዘነ፣ በየሰኞው እያነበበ፣ በገዛ እጁ እየጻፈ ኖሯል። አይጦቹ ቋ ብለው ነበር። ያልሰማው እሱ ነው።

ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ወንድሙ ቤት ወሰደው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የወንድሙ ልጅ ሥራ ቤቱ ውስጥ የአባቷን ሽርጥ ሁለት ዙር አስራ በርጩማ እየሠራች ነበር፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አፏ አባቷን ነው። «አጎቴ፣ አይጦችህ እንዴት ናቸው? አሁንም ሰው ይለምዳሉ?» አለችው። እየቆረጠመች ነበር። እጇን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተችና የተቆላ በቆሎ ጭብጥ ሙሉ አውጥታ ዘረጋችለት።

ድንቢጥ ሁሉንም ተቀበላት። ኪሷን አራግፎ ሲወስድ ልጅቷ ሳቀች፤ አጎቴ ዛሬ ምሳ አልበላም መሰለኝ አለች።

እትዬ ጓዳ ነበረች። በቆሎው ገና ምን ያህል እንደቀረ እንደ ዋዛ ጠየቃት። ሲሶው አልተነካም አለችው፤ ሳስታ ነው የምታወጣው። ጎረቤቶች ሣጥኑ ቦታ ያዘብሽ፣ እህሉን ሽጪና አዲስ ግዢ እያሉ ያስቸግሯታል።

«እሱ የገዛው ነው እኮ፣» አለች። «እስኪያልቅ ድረስ የሚያበላን እሱ ነው።»

ድንቢጥ ወደ ሣጥኑ ተጠጋ። ምን ብሎ ይጀምር? አትብሉት ካላት ለምን ትላለች። ለምን እንደሆነ ከነገራት ትሪው ትዝ ይላታል፤ በቀኝ ደህናው፣ በግራ የጠቆረው። የግራውን ማን ሲበላ እንደኖረ እሱ ባይነግራትም ራሷ ትደርስበታለች። ዝም ካለ ደግሞ የልጅቷ ኪስ አለ። ክዳኑን ከፈተ። አጥብቀው ያልጨመቁት፣ ጥላ ላይ የከረመ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ፊቱን መታው። እንዴት እስከ ዛሬ ሳይሸተው ቀረ? ሸቶታል፤ የወንድሜ ጓዳ ሽታ ነው ብሎ ነው ያለፈው። ለአይጦቹ ትንሽ ልውሰድ ብሎ ዋሻትና ላስቲክ ከረጢት ሞላ። ውሰድላቸው፣ እነሱም ሳይናፍቃቸው አይቀርም አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተሯ ደብዳቤዋን ጨርሳ ልታትም ስትል ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ ከቀረው መኪና ጀመረላት። ስለ ወንድሙ፣ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ሰባቱ ወራት፣ «መጋዘን» ብሎ ስለጻፈው ሁሉ፣ አንዲት ሳያስቀር ነገራት። ዶክተሯ መሀል ላይ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ሲጨርስ ከረጢቱን ወደ ራሷ ሳበች። መቆጣቷን ያወቀው ጓንቷን ስታጠልቅ ነው፤ አንደኛው ጣቷ ላይ ተቀደደ።

ፈጣን መመርመሪያ አላቸው። ዱቄት ይደረጋል፣ በፈሳሽ ይበጠበጣል፣ ትንሽዬ ወረቀት ይነከርበትና ይጠበቃል። ጠበቁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማ ነበር። ዶክተሯ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አንስታ አየች፣ ሌላ ነክራ ደገመች፣ ሁለተኛውንም አየች። መሣሪያው ከሚለካው በላይ ነው አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ዞረች።

«ጋሽ ድንቢጥ፣ ይህን አሁን ማን እየበላው ነው?»

«የወንድሜ ሚስት። ልጁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ከመቀመጫው ተነሳ፣ ግን በሩ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ሳይጠይቅ መሄድ አልቻለም። ወንድሜን የገደለው ይሄ ነው ወይ አለ። ዶክተሯ ሰውን ለማጽናናት ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም፣ ለማስደንገጥም እንደዚያው።

«አላውቅም። አይጦቹን ከፍቼ አይቻለሁ፣ ወንድምዎን አላየሁም። ጉበት የሚጎዳ ነገር ብዙ ነው። በደፈናው አዎ ብልዎት እዋሻለሁ፣ አይደለም ብልዎትም እዋሻለሁ።» ቀጥላ ደብተሩን ወደሱ ገፋችው። ሲመለስ መጋዘን ያለበትን ሁሉ እያረመ ከሥሩ እንዲፈርም፣ አለቆቹ የሚሉትንም አብረው እንዲሰሙ ነገረችው። ደብዳቤዋን ግን እዚያው ፊቱ ላይ ቀደደችው።

እትዬ በዚያን ሰዓት ጓዳው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ትሪው ጭኗ ላይ፣ ትለቅም ነበር። ድንቢጥ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ መምጣቱ ራሱ ወሬ ነው። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት ጠየቀ። እጇ ከለቀማው አልቆመም፤ «ድንቢጥ፣ ዳር ዳሩን አትበለኝ። ከሥራ አባረሩህ?» አለችው።

«አላባረሩኝም፣ ገና ነው» አለና ነገራት። ስለ ጉበቶቹ አላብራራም፤ የወንድሜን በቆሎ የበሉት አይጦች ታመው ተገኙ፣ በቆሎው ተመረመረ፣ ሻጋታ አለበት፣ በዓይን የማይታይ መርዝ ነው፣ ቢያበስሉትም ቢቆሉትም አይለቅም አላት። ሣጥኑ ጥሩ ስለሆነ ነው፣ ከመጠን በላይ ጥሩ ስለሆነ፣ ትንፋሽ ስለሌለው ነው አላት።

እጇ ቆመ። ትሪውን አየችው። በቀኝ በኩል ቢጫው ክምር ነበር፣ በግራ በኩል ጭብጥ የማይሞላ ጠቆር ያለ። የግራውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱ የሚበላው የግራውን ነበር፣» አለች።

ድንቢጥ ሌሊቱን ሙሉ ለዚህ ቃል መልስ ሲፈልግ አድሮ ነበር። ያገኘው አንድ ብቻ ነው። «እኔም ለነዚያ ሳልለቅም ነው ያበላሁት። እኔም በእጄ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ ያበላኸው አይጥ ነው።»

ከግቢው ውጭ ሰው ይጠራራል፣ አንድ ቦታ ብረት ይመታል። ዶክተሯ ያለችውን ነገራት፤ ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። እትዬ አዳመጠችውና ዶክተሯ ጥሩ ሰው ሳትሆን አትቀርም አለች። ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር፣ አላለቀሰችም። የግራውን ክምር በጣቷ እየገፋች ወደ ቀኙ ደባለቀችው፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ከዚያ ወዲያ የማይለዩ እስኪሆኑ ድረስ ስታደባልቅ ቆየች።

«ስንቴ ልደፋው ብዬ ከእጄ ነጥቆኛል፣» አለች በመጨረሻ። «ሲነጥቀኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። የማይጥል ባል አለኝ እያልኩ።»

ልጅቷ ለምሳ ስትመጣ ሁለቱም እንዳሉ ነበሩ። እናቷ ኪስሽን አራግፊ አለቻት፤ ቦርሳዋንም፣ ሽርጡንም። ልጅቷ አንዴ እናቷን አንዴ አጎቷን እያየች አራገፈች። ምሳ ከሱቅ ዳቦ ተገዛ። ሲበሉ ነገሩ በአጭሩ ተነገራት። ብዙ አልጠየቀችም፤ ዳቦዋን እያገላበጠች ይህን ማን አወቀው አለች።

ድንቢጥ ዶክተሯ ሊል ነበር። እትዬ ቀደመችው።

«አይጦቹ፣» አለች። «አባትሽ ያበላቸው።»

ልጅቷ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣባትና አፏን ያዘች። ውለታ የምትለዋን የአባቷን ቀልድ እሷም ሰምታታለች። እናቷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣቻትም። ቀና ብላ አየቻትና ዳቦ ጨመረችላት።

ዓርብ ዕለት ዶክተሯ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ላከች። እህሉ ለከብትም ለዶሮም እንዳይሆን፣ አይጦቹ በተቃጠሉበት ምድጃ ሁሉም ይቃጠላል። አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው በባልዲ እየቀዱ ከረጢት ሞሉ። ድንቢጥ የልማዱን ይዞት እያንዳንዱን ከረጢት አንስቶ በክንዱ መዘነው፤ ለመጻፍ ሳይሆን እንዲያው ለማወቅ። የደብተሩን እርማት ሐሙስ ጨርሶ ፈርሟል። አለቆቹ ገና አልመለሱም። ዶክተሯ ግን ሪፖርቷ ላይ ከሦስቱ መስመሮች በታች አራተኛ ጨምራለች፤ «ከአንድ መኖሪያ ቤት የእህል ሣጥን» ይላል።

ባዶውን ሣጥን ሊያወጡት ሞከሩ። ሹፌሩም ረዳቸው። ወደ ጎን ቢያዞሩት፣ ቢያቆሙት፣ በበሩ አልወጣ አለ። አናጢው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው የሠራው፤ እንዲወጣ አላሰበም። ሹፌሩ መጥረቢያ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዞር ብላ ስታየው ወዲያው ሌላ ጨዋታ አመጣ።

«ይቀመጥ፣» አለች። «ክዳኑን ብቻ አውጣልኝ። ደግሞ ልዝጋው እንዳልል።»

ድንቢጥ ሥራ ቤት ሄዶ የወንድሙን ካቻቪቴ ከግድግዳው አወረደ። እጀታው ወንድሙ በሚይዝበት በኩል ጎድጎድ ብሏል። ማጠፊያዎቹ ላይ አሥራ ስድስት ብሎን አለ። ዘጠኝ ዓመት እርጥበት ውስጥ የኖረ ብሎን እንደሚዝግ ያውቃል፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ክብደቱን ሁሉ ትከሻው ላይ ጥሎ ገፋ።

ብሎኑ ያለ ምንም ትግል ዞረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ልጅቷ ከሥር መዳፏን ዘርግታ ትቀበለው ነበር። አንዱን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። ጥርሶቹ መሀል ነጭ ነገር ተጣብቋል፤ በጥፍሯ ፋቀችውና አሸተተችው።

«ሳሙና ነው፣» አለች።

ድንቢጥ አዎ አለና አራተኛውን ጀመረ።